የሠራተኛ ምዘና በአካባቢ አስተዳደር፦ የትኛው ሥርዓት ለየትኛው መሥሪያ ቤት ይሆናል?

የምዘና ወቅት ነው። አንድ የቡድን መሪ ጠረጴዛ ላይ 17 ቅጾች ተከምረዋል። ነገ ጠዋት ሰው ሀብት መግባት አለባቸው። መሪው የመጀመሪያውን ያነሳል። ሰዓት አክባሪነት 4፣ ትጋት 4፣ ከባልደረባ ጋር መግባባት 4። ሁለተኛው ላይ አንድ 3 ጣል ያደርጋል። አምስተኛው ላይ ሲደርስ የሠራተኛውን ስም ከማንበቡ በፊት ቁጥሩን መጻፍ ይጀምራል። ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት 17ቱም ተፈርመው አለቁ።

እንዲህ ሲሞላ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እኔም ሞልቼ አውቃለሁ። ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ስድስት ወር ሙሉ ምንም ያልተመዘገበበትን ነገር በአንድ ከሰዓት አስታውሰህ ጻፍ ሲባል ሌላ ምን ያድርግ? በማግስቱ መስኮቱ ላይ የሚቆመው ባለጉዳይ ግን የሚያገኘው አገልግሎት ቅንጣት አይለወጥም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ይህ መመሪያ ለማዘጋጃ ቤት ወይም ለሌላ የአካባቢ አስተዳደር የምዘና ሥርዓት መምረጥ ላለባቸው ሰዎች ነው። የሥርዓቶቹ ስም ብዙ ነው። ሁሉም ሥልጠና ላይ ሲቀርቡ ያምራሉ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ምርጫው የሚወሰነው በሥራው ዓይነትና የቅርብ ኃላፊው ባለው ጊዜ ነው። የቅጹ ውበት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ክላረንስ ሪድሊ እና ኸርበርት ሳይመን የማዘጋጃ ቤት ሥራ እንዴት ይለካ የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1938 ጽፈውበታል። ሳይመን በኋላ፣ በ1978፣ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው። የወጣው ገንዘብ ሌላ፣ የፈሰሰው ጉልበት ሌላ፣ የተገኘው ውጤት ሌላ ነው ብለው ለይተው ነበር። ዛሬም ብዙ ቅጾች እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ይደበላልቃሉ።

## መጀመሪያ መስፈርቱ

ብዙ ቦታ ነገሩ የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው። አንድ አመራር የሆነ ሥርዓት ስም ይሰማና "እኛም እንተግብረው" ይላል። ለየትኛው ችግር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ አማራጮቹን ከማየታችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ያዙ።

የሚለካው ነገር በሠራተኛው እጅ ነው? የውኃ መስመር ጠጋኝ መለዋወጫ ከመጋዘን ሳይወጣለት ሦስት ቀን ቢቀመጥ የዘገየው እሱ አይደለም። "ብልሽት በ24 ሰዓት ይጠገን" የሚለው ግብ ግን እሱ ስም ላይ ነው የተጻፈው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ በምዘናው ላይ እምነቱ ያልቃል። አይፈረድበትም።

ማስረጃው ከየት ይመጣል? ጥሩ ማስረጃ ሥራው ሲሠራ አብሮ የሚፈጠር ነው። የመዝገብ ቤት ገቢና ወጪ፣ የመስክ ጉብኝት ቅጽ፣ የወረፋ ቁጥር፣ የቅሬታ መዝገብ። ለምዘና ተብሎ ብቻ የሚሰበሰብ ማስረጃ መጀመሪያ ሰሞን ይሞላል፣ ከዚያ ይረሳል።

የቅርብ ኃላፊው ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ስለዚህ አብረን እናስላው። አንዲት የቡድን መሪ 15 ሠራተኞች አሏት እንበል። በዓመት አራት ጊዜ ከእያንዳንዱ ጋር ትነጋገራለች። ዝግጅቱንም ንግግሩንም ጨምሮ 40 ደቂቃ ይሁን። 15 በ4፣ በ40 ደቂቃ ሲባዛ 40 ሰዓት ይመጣል፤ አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት። ይህ ይቻላል። አሁን ደግሞ ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየሳምንቱ 10 ደቂቃ መሙላት ይጠይቅ። ትንሽ ይመስላል። በዓመት 50 የሥራ ሳምንት ብንይዝ 125 ሰዓት ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ ማለት ነው። ያን ጊዜ ከየት ታመጣለች? አታመጣም። ቁጥሩን ዝም ብላ ትሞላለች።

ሪፖርት ለማሳመር ምን ያህል ይመቻል? እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ያነሳው ሐሳብ እዚህ ላይ ይሠራል። አንድ አሃዝ መቆጣጠሪያ ሲሆንና ሰው ሲጨነቅበት እውነቱን ማሳየት ይተዋል። ይህን በምሳሌ ማየት ይሻላል።

"የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ በ15 ቀን ምላሽ ያግኝ" የሚል ግብ አስቡ። ፋይሉ ይገባል። 14ኛው ቀን ላይ ባለጉዳዩ ይጠራና "የይዞታ ማረጋገጫው ቅጂ የለም፣ አሟልተህ ና" ይባላል። ፋይሉ ይመለሳል። ሰውየው አሟልቶ ሲመጣ አዲስ ቁጥር ይወጣለታል። ቀኑም ከ1 ይጀምራል። አሁንም 13ኛው ቀን ላይ ሌላ ወረቀት ይጎድላል። ባለጉዳዩ ሁለት ወር ይመላለሳል። ሪፖርቱ ላይ ግን ሦስት ፋይል "በጊዜ ገደቡ ምላሽ አግኝቷል" ተብሎ ይሰፍራል። የተጻፈው አንድም ሐሰት የለበትም። ሰውየው ግን ቤቱን መሥራት አልጀመረም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀኑ ባለጉዳዩ መጀመሪያ ከመጣበት ዕለት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ውሳኔ ይቆጠር። ፋይሉ ስንት ጊዜ እንደተመለሰም አብሮ ይታይ። አማካይንም ብቻውን አትመኑ። ዘጠኝ ፋይሎች እያንዳንዳቸው በ2 ቀን አልቀው አሥረኛው 92 ቀን ቢፈጅ አማካዩ 11 ቀን ነው። ግቡ ተሳክቷል ይባላል። ስለዚህ "ከ15 ቀን ያለፉት ስንት ናቸው? የቆየው ስንት ቀን ቆየ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ቅሬታ ቢቀርብበት ይቆማል? ሠራተኛው "ለምን 3 ተሰጠኝ?" ሲል ኃላፊው ቀንና ሥራ ጠቅሶ ማስረዳት ካልቻለ ያ ነጥብ ውሃ አያነሳም።

የመጨረሻው ወጪው ነው። ሶፍትዌሩን ብቻ አታስቡ። ሥልጠናው፣ የአማካሪው ክፍያ፣ ከሁሉም በላይ የሠራተኛው ሰዓት ወጪ ነው።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### የባሕርይ መመዘኛ ቅጽ

መግቢያው ላይ ያየነው ነው። ትጋት፣ ታማኝነት፣ ተነሳሽነት፣ ከ1 እስከ 5። ርካሽ ነው። ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ቅጽ ይበቃል። የተስፋፋውም ለዚህ ነው።

ጣጣው ነጥቡ ከተመዛኙ ይልቅ ስለ መዛኙ የሚናገር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ ከ4,000 በላይ ሥራ አስኪያጆች ላይ የተደረገ ጥናት በነጥቦቹ መካከል ካለው ልዩነት ከግማሽ የሚበልጠው የመጣው ከመዛኙ የግል ዝንባሌ እንደሆነ አሳይቷል። አንዱ ለሁሉም 5 ይሰጣል። ሌላዋ 4 የምትሰጠው ለስንት አንድ ሰው ነው። ሠራተኛው ውጤቱን የሚያገኘው ማን ሥር እንደተመደበ ታይቶ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ቅጽ መጣል የማትችሉ ከሆነ ማሻሻያ አለው። ፓትሪሺያ ስሚዝ እና ሎርን ኬንዳል እ.ኤ.አ. በ1963 ከነርሶች ጋር የሠሩት ዘዴ ነው። ከቁጥሩ ጎን የሚታይ ድርጊት ይጻፋል። ድርጊቱን የሚጽፉት ደግሞ ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ለመስኮት ሠራተኛ "ባለጉዳይ አያያዝ" የሚለው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

- 5፦ ፋይሉ ካልተሟላ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጽፎ ይሰጣል። ሌላ ክፍል የሚመለከተው ከሆነ ራሱ ደውሎ ያጣራል።
- 3፦ የጎደለውን በቃል ይናገራል። አንዳንዴ ባለጉዳዩ ሲመለስ አዲስ ነገር ይጨምርበታል።
- 1፦ "አልተሟላም" ብሎ ይመልሳል። ምን እንደጎደለ አይናገርም።

ልዩነቱን አያችሁ? "ትጋት 4" ላይ ሁለት ሰው ሲከራከር ይውላል። እዚህ ላይ ግን የተደረገውን ማየት ይቻላል። ሠራተኛውም ከ3 ወደ 5 ለመድረስ ነገ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ሥራው አንድ ሁለት ቀን የሚወስድ ስብሰባ ነው። ለመስኮት፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለጥበቃ፣ ለሾፌር በጣም የምመክረው ይህን ነው።

### ግብ ተኮር ምዘና

ፒተር ድራከር እ.ኤ.አ. በ1954 ያስተዋወቀው አሠራር ነው። ኃላፊውና ሠራተኛው ቁጭ ብለው ለዓመቱ ከሦስት እስከ አምስት ግቦች ይስማማሉ። መጨረሻ ላይ ምን ያህሉ እንደተሠራ ያያሉ።

ሥራው የራሱ መጀመሪያና መጨረሻ ላለው ሰው ይስማማል። ለመሐንዲስ፣ ለፕላን ባለሙያ፣ ለኦዲተር። "የገበያው አካባቢ የፍሳሽ ንድፍ እስከ ሁለተኛው ሩብ ዓመት ይጠናቀቅ" ብሎ መስማማት ይቻላል። መስኮት ላይ ለሚሠራ ሰው ግን አይሆንም። የሚመጣለትን የባለጉዳይ ቁጥር እሱ አይወስነውም። "500 ሰው አስተናግዳለሁ" የሚለው ግብ ባለጉዳይ ካልመጣ ይወድቃል፣ ከበዛ ደግሞ ያለ ልፋት ይሳካል።

ሌላው ድክመት ብልህ ሰው ግቡን ዝቅ አድርጎ መደራደሩ ነው። ከባድ ግብ ይዞ 80 ከመቶ የሠራው ቀላል ግብ ይዞ 100 ካገኘው በታች ይሆናል። ስለዚህ የግቡ ክብደት በኃላፊው ብቻ አይወሰን። በአንድ ዘርፍ ያሉ ኃላፊዎች ዓመቱ ሲጀመር ግቦቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩ። የዓመቱ አጋማሽ ላይ ደግሞ ግቡን በጽሑፍ መቀየር ይፈቀድ። የአካባቢ አስተዳደር ውስጥ ጎርፍ ይመጣል፣ በጀት ይቀነሳል፣ አመራር ይለወጣል። ግቡ ብቻ እንደነበረ ከቆየ ምዘናው ባዶ ይሆናል።

### ሚዛናዊ ስኮርካርድ (ቢ.ኤስ.ሲ)

ሮበርት ካፕላን እና ዴቪድ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 አቀረቡት። ተቋምን በገንዘብ ብቻ አትለኩት አሉ። ፋይናንስ፣ ተገልጋይ፣ የውስጥ አሠራር፣ መማማርና ዕድገት፤ አራቱም አብረው ይታዩ። ለአካባቢ አስተዳደር የሚጠቀሰው ምሳሌ የአሜሪካዋ ሻርሎት ከተማ ናት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ስትጀምረው ሁሉን ነገር ልለካ አላለችም። እንደ ኅብረተሰብ ደኅንነትና ትራንስፖርት ያሉ አምስት ትኩረቶችን መረጠች። ተገልጋዩንም ከፋይናንስ በላይ አስቀመጠች። ማዘጋጃ ቤት የሚኖረው ለትርፍ ስላልሆነ ይህ ትክክል ነበር።

ብዙ ቦታ የሚበላሸው ግን ወደ ታች ሲወርድ ነው። የከተማው ካርድ ወደ ዘርፍ፣ ከዘርፍ ወደ ቡድን፣ ከቡድን ወደ ግለሰብ ይቀዳል። መጨረሻ ላይ የቆሻሻ መኪና ሾፌሩ እጅ ላይ "ፋይናንስ 20 ከመቶ፣ መማማርና ዕድገት 15 ከመቶ" የሚል ሠንጠረዥ ይገባል። በእያንዳንዱ እይታ ሥር አምስት አምስት መለኪያ ካለ 20 መለኪያ ነው። አንዱ መለኪያ በአማካይ ከጠቅላላው 5 ነጥብ ይይዛል። መኪናው መንደሩን በሰዓቱ ማዳረሱ ከሥልጠና መሳተፍ ጋር ተቀራራቢ ነጥብ ያዘ ማለት ነው። ሾፌሩ ይህን ወረቀት ሲያይ ምን ይገባዋል? ኃላፊውስ ምን ብሎ ያስረዳዋል?

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ስኮርካርዱን ለተቋሙና ለዘርፎች ተጠቀሙበት። እዚያ ላይ ይቁም። ግለሰቡን በሌላ መንገድ መዝኑ። ለአማካሪና ለሥልጠና የሚወጣው ገንዘብም ከሁሉም አማራጮች ይበዛል።

### የ360 ዲግሪ ምዘና

አለቃ፣ ባልደረባ፣ የበታች ሠራተኛ፣ አንዳንዴም ባለጉዳይ ሁሉም አስተያየት ይሰጣሉ። ለኃላፊዎች ግሩም ነው። አንድ ኃላፊ በታች ያሉት ሰዎች እንዴት እንደሚያዩት ከዚህ በተሻለ የሚያውቅበት መንገድ ያንሳል።

ለዕድገትና ለደመወዝ ጭማሪ ግን አታውሉት። እንጀራ ሲነካ "አንተ ለእኔ፣ እኔ ላንተ" ይጀመራል። የተጣላም ቂሙን ይወጣበታል። ሚስጥሩም መጠበቅ አለበት። ከአንድ ወገን ቢያንስ አምስት መላሾች ከሌሉ ማን ምን እንዳለ ይታወቃል። ሦስት ሠራተኛ ባለው ቡድን ውስጥ መሞከር ጠብ መጥራት ነው።

### መደበኛ የአሃዝ ስብሰባ

ይህ ከሌሎቹ ይለያል። ግለሰብን አይመዝንም፣ ሥራን ይከታተላል። መነሻው የኒውዮርክ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረው ኮምፕስታት ነው። የባልቲሞር ከንቲባ ማርቲን ኦማሊ ሐሳቡን ወስደው በ2000 ለከተማው አገልግሎቶች አዋሉት፤ ሲቲስታት ተባለ። የየዘርፉ ኃላፊ በየሁለት ሳምንቱ ይቀርባል። አሃዙ ግድግዳው ላይ ይታያል። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ለምን ጨመረ? ከሥራ የቀሩት ለምን በዙ? ባለፈው የተባለው የት ደረሰ? የመንገድ ጉድጓድ ከተጠቆመ በ48 ሰዓት ይደፈናል የሚል ቃል የተገባውም እዚያ ነበር።

ኃይሉ ያለው በድግግሞሹ ነው። ጥያቄው በዓመት አንዴ ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይመጣል። ችግሩ መጋዘን ላይ ከሆነ የመጋዘኑም ኃላፊ እዚያው ተቀምጧል። ያ ያልነው የውኃ ጠጋኝ የሚድነው እንዲህ ባለ ስብሰባ ነው።

አደጋውም ከዚያው ይመጣል። ስብሰባው ማሸማቀቂያ ከሆነ አሃዙ ይታመማል። ኒውዮርክ ውስጥ ጡረታ የወጡ የፖሊስ ኃላፊዎች ከባድ ወንጀልን በቀላል ስም የመመዝገብ ጫና እንደነበረ ተናግረዋል። ሌላው ነገር ዋናው አመራር ራሱ መገኘት አለበት። ምክትል፣ ከዚያ የምክትሉ ተወካይ መላክ ሲጀመር ስብሰባው ሞተ ማለት ነው። ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም። አንድ ሁለት አሃዝ አጣሪ ሰውና አንድ አዳራሽ ይበቃል። የሚጠይቀው የመሪውን ትዕግሥት ነው።

### የአፈጻጸም ውል

መሪው የሚሠራውን በአደባባይ ቃል ይገባል፣ ይፈርማል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይጠየቃል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ኢሚሂጎ በሚል ስም ትሠራበታለች። የዲስትሪክት ከንቲባዎች ከፕሬዚዳንቱ ጋር ይፈራረማሉ። የዲስትሪክቶቹም ደረጃ ለሕዝብ ይገለጻል። ቃሉ የሚታወቅ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። ነዋሪው "የተባለው የውኃ መስመር የታለ?" ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ጉዳቱ የሚቆጠረው የማይቆጠረውን መግፋቱ ነው። የተሠራ ክፍል ይቆጠራል። ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ ምን ያህል እንደተማሩ ቶሎ አይቆጠርም። ከላይ የተገባው ቃል ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ በዝቅተኛው ሠራተኛና በነዋሪው ላይ ጫና ይሆናል።

እንግሊዝ በሌላ መንገድ ሄዳ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶችን "እጅግ በጣም ጥሩ" ከሚለው እስከ "ደካማ" በሚደርስ አምስት ደረጃ ታወጣ ነበር። በ2009 በሌላ ተተካ። በ2010 እሱም ቀረ። የቁጥጥሩ ወጪና የወረቀት ሥራው መብዛት ብዙ ሲያከራክር ነበር። የውጭ መዛኝ ለማቋቋም የምታስቡ ከሆነ ይህን አስታውሱ።

### አስገድዶ ደረጃ ማውጣት

ከእያንዳንዱ ቡድን 10 ከመቶው "ዝቅተኛ" ይባል የሚለው ነው። አልመክርም። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ትቶታል። አሥር ጎበዝ ሠራተኛ ካለበት ቡድን አንዱን ያለ ጥፋቱ ዝቅ ማድረግ በደል ነው።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | ለማን ይስማማል | የኃላፊው ጊዜ | ወጪ | ሪፖርት ማሳመር | ቅሬታ ሲመጣ |
|---|---|---|---|---|---|
| የባሕርይ ቅጽ | ለማንም አይመከርም | በጣም ትንሽ | በጣም ዝቅተኛ | ቀላል | አይቆምም |
| በድርጊት የተብራራ ቅጽ | ለመስኮት፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለሾፌር፣ ለጥበቃ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ከባድ | ይቆማል |
| ግብ ተኮር | ለባለሙያዎች | መካከለኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ግቡ በጽሑፍ ካለ ይቆማል |
| ስኮርካርድ | ለተቋምና ለዘርፍ | ብዙ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ለግለሰብ ደካማ |
| 360 ዲግሪ | ለኃላፊዎች፣ ለመማሪያ ብቻ | መካከለኛ | መካከለኛ | ለጥቅም ከዋለ ቀላል | አይቆምም |
| የአሃዝ ስብሰባ | ለመስክና ለአገልግሎት ዘርፎች | ብዙ፣ ግን የአመራሩ | ዝቅተኛ | ጫና ካለ ቀላል | ለግለሰብ አይውልም |
| የአፈጻጸም ውል | ለከንቲባና ለዘርፍ ኃላፊዎች | መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ይቆማል |

## እንደ አቅማችሁ ምን ትመርጣላችሁ?

ትንሽ አስተዳደር፣ ገንዘብ የለም። በድርጊት የተብራራ ቅጽ ለአብዛኛው ሠራተኛ፣ ሦስት ሦስት ግብ ለጥቂት ባለሙያዎች። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ኃላፊ አንድ ደብተር። ቀልድ አይደለም፣ ደብተር። በየ15 ቀኑ ስለ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ወይም ሁለት መስመር ይጻፍበት። "40 ፋይል ተከማችቶ ነበር፣ በ6 ቀን አጸዳችው።" "ባለጉዳይ ላይ ጮኸ፣ ተነጋግረናል፣ ይቅርታ ጠይቋል።" ቅጹ የሚሞላበት ቀን ሲደርስ እጃችሁ ላይ 12 ወይም 13 ማስታወሻ ይኖራል። ሠራተኛውም የተጻፈበትን ማየት መቻል አለበት። የተደበቀ ደብተር የስለላ መዝገብ ነው የሚሆነው።

መካከለኛ ከተማ፣ የተወሰነ በጀት አለ። ከላይ ባለው ላይ የአሃዝ ስብሰባ ጨምሩ። በሁሉም ዘርፍ አትጀምሩ። ባለጉዳይ በጣም የሚያማርርበትን አንድ ዘርፍ ውሰዱ። ባልቲሞርም የጀመረችው ከቆሻሻ አነሳሱ ክፍል ነው። ስድስት ወር ሥሩበት። ሌሎቹ ሲያዩት ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ትልቅ ከተማ፣ መረጃው በኮምፒውተር የገባ። ስኮርካርድ ከላይ፣ የአሃዝ ስብሰባ መሐል፣ ግብና በድርጊት የተብራራ ቅጽ ከታች። ሦስቱ የተለያየ ሥራ ነው የሚሠሩት። በአንድ ቅጽ ልጨፍልቃቸው ካላችሁ ሁሉም ይበላሻሉ።

አመራር ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርበት። በአንድ መሪ ፍላጎት ላይ የቆመ ነገር አትምረጡ። የአሃዝ ስብሰባው መሪው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ደንቡና ቅጹ በምክር ቤት ይጽደቅ። ጊዜውም ከበጀት ዘመኑ ጋር ይታሰር።

ሠራተኛው ምዘናን እንደ መቀጣጫ የሚያይበት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ቦታ ያለው ሁኔታ ይህ ነውና። ምዘና አለቃ የማይወደውን ሰው ለማውጣት ሲውል ያየ ሠራተኛ አዲስ ቅጽ ስለመጣ አያምናችሁም። የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ቅጣትና ያለ ጉርሻ አሳልፉ። ይህን በጽሑፍ አስታውቁ፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። ኃላፊዎቹ ቀድመው ይመዘኑ፣ ውጤታቸውንም በታች ያሉት ይወቁት። ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ ውስጥ ሠራተኛው የመረጠው ሰው ይግባ። ከቀረበው ቅሬታ ውስጥ አንድ ሁለቱ ለሠራተኛው ሲወሰንለት ሰው ማመን ይጀምራል።

## ከገንዘብ ጋር ይያያዝ ወይስ አይያያዝ?

በችኮላ አይያያዝ። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ለመካከለኛ ኃላፊዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ደመወዝን ከምዘና ጋር ያያዘ ሥርዓት ጀምሮ በ1993 አቁሞታል። የሚከፈለው ገንዘብ ትንሽ ሲሆንና ከፍተኛ ነጥብ የሚያገኘው ሰው ሲበዛ ጭማሪው ትርጉም ያጣል። ነጥብ ከገንዘብ ጋር ከተያያዘ ኃላፊው ደግሞ የሠራተኛውን ኪስ ላለመንካት ሲል 5 ይሰጣል። ሰው ነው። ሁለት ሙሉ የምዘና ዙር አልፎ ነጥቡ የሚታመን መሆኑ ሲታይ ለደረጃ ዕድገት እንደ አንድ ግብዓት ማዋል ይቻላል።

## የትኛውንም ብትመርጡ የማይቀሩ ሁለት ነገሮች

አንዱ ንግግሩ ነው። ክሉገር እና ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በግብረ መልስ ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ አይተው ነበር። ግብረ መልስ በአማካይ ይጠቅማል። ከሦስት አንድ በላይ በሚሆነው ጊዜ ግን የሰውየውን ሥራ አባብሶታል። ንግግሩ ከሥራው ወጥቶ ወደ ሰውየው ማንነት ሲዞር ጉዳቱ ይጨምራል። "አንተ ግዴለሽ ነህ" ማለት ሰውን ያስኮርፋል። "ባለፈው ወር ሰባት ፋይል ያለ ፊርማ ወደ ገቢዎች ተልኮ ተመልሷል፤ የቱ ላይ ነው የሚያመልጥህ?" ሲባል ግን የሚነጋገሩበት ነገር ይኖራል። ምናልባት መልሱ "ፈራሚው ከሰዓት አይገኝም" ሊሆን ይችላል። ያኔ የሚታረመው ፈራሚው ነው።

ሌላው ነጥብ ከመታወቁ በፊት ኃላፊዎች የሚያደርጉት ማመሳከሪያ ስብሰባ ነው። ሁለት ሰዓት ይበቃል። እያንዳንዱ ኃላፊ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የሰጠበትን ሰው ይዞ ይመጣል፣ ማስረጃውን ያነባል። ሌሎቹ "እኔ ዘንድ ይሄ 4 ነው" ይላሉ። መጀመሪያ ጊዜ ሙግት ይበዛል። ሦስተኛው ዙር ላይ የአንዱ 4 ከሌላው 4 ጋር መቀራረብ ይጀምራል። አንድ ጥንቃቄ፦ ኮታ ይዛችሁ አትግቡ። ነጥብ የሚለወጠው ማስረጃ ሲታይ ብቻ ይሁን።

## ሶፍትዌር ልትገዙ ከሆነ

ቅጹ በወረቀት አንድ ዙር ሳይሠራ ሶፍትዌር አትግዙ። በወረቀት ያልሠራ ነገር በኮምፒውተር ሲሆን ፈጥኖ ይበላሻል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ዙሩ ካለፈ በኋላ ሻጩን እነዚህን ጠይቁት። ኔትወርክ ሲቋረጥ ይሠራል? ሠራተኛው የራሱን መዝገብ በፈለገው ጊዜ ማየት ይችላል? ነጥብ ከተቀየረ ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደቀየረው ይመዘገባል? ውሉ ሲያልቅ መረጃችንን ሙሉ በሙሉ ይዘን መውጣት እንችላለን? ከመዝገብ ቤቱና ከወረፋ ማሽኑ አሃዝ በቀጥታ ይስባል ወይስ ሰው እንደገና ይተይባል?

ማሳያ ሲያቀርቡላችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ሻጩ አይቀመጥ። 15 ሠራተኛ ያላትን የቡድን መሪ አስቀምጡ። የእውነተኛ ሠራተኛ አንድ ማስታወሻ ትመዝግብ፣ እናንተም ሰዓት ያዙ። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከፈጀባት ሌላ ሻጭ ጥሩ።